መቼ ታረቃችሁ?

ባለፈው ክረምት ነው፣ ለሊት 7 ሰዓት ገደማ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በልጆቹ ክፍል ሳልፍ መብራቱ በርቷል። ልጄ እንደለመደችው ስልኳን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል ብዬ ላጠፋላት ገባሁ። ብርድ ልብሱ ከእግሯ ላይ ወርዷል። ጫማ አድርጋለች። ስኒከሯን፣ ክሩ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጂንሷንም ከነጃኬቷ ለብሳለች። 15 ዓመቷ ነው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሀሳብ እናንተም ላይ የሚመጣው ነው፣ ልትወጣ ነው፣ የሆነ ልጅ ውጪ እየጠበቃት ነው ምናምን። ደሜ ፈላ፣ ቀሰቀስኳት።

"የት ልትሄጂ ነው?"

አይኗን እያሻሸች አየችኝና ከዛ እግሯን አየች። "የትም።"

"ታዲያ ጫማው ምንድነው?"

ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅኳት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ታናሽ ወንድሟ አልጋው ላይ ተገላበጠ። እሷ መጀመሪያ እሱን አየች፣ አለመንቃቱን ካረጋገጠች በኋላ በጣም ቀስ ብላ "ምናልባት ሰው መጥራት ካስፈለገ ብዬ ነው አባዬ" አለችኝ።

የዛን ቀን ማታ እኔና እናቷ ተጣልተን ነበር። ምክንያቱን አልደብቅም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ባለቤቴ እቁብ ደርሷት ለልጆቹ ትምህርት ቤት ብላ ያስቀመጠችውን ብር እኔ ሳልነግራት ወስጄ ለመጪው ጀንፈል፣ ማለትም ላልተፈለፈለው ደረቅ ቡና ብዬ ለአንድ ሰው ቀብድ ሰጠሁት፣ ሰውየው ስልኩን ዘጋ፣ እሷ ደግሞ ነገሩን ከኔ ሳይሆን ከሰው ሰማች። ከ3 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ተኩል ድረስ ተጨቃጨቅን፣ ተጯጯህን ማለት ይሻላል። እኔ በሷ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም፣ አንድም ቀን። ግን ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ ያሰበችው እሱን ነው። የግቢውን ቁልፍ ከሳሎን ወስዳ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታዋለች፣ በኋላ ነው ያየሁት። የትኛው ጎረቤት ቶሎ በር እንደሚከፍት አስባለች። ወንድሟን ትታው ትሂድ ወይስ ይዛው ትውጣ የሚለውንም አስባበታለች፣ ይሄን የነገረችኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

እኔ ግን ያኔ ይሄ ሁሉ አልገባኝም፣ አፍሬ ነበር፣ ቶሎ ነገሩን መዝጋት ነው የፈለግኩት። "ተኚ በቃ፣ እኔና እናትሽ እኮ ታርቀናል" አልኳት።

"መቼ?" አለችኝ።

ልታሳጣኝ ፈልጋ አይደለም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ፣ ልክ አውቶብሱ መቼ መጣ እንደሚል ሰው። ያቺ "መቼ" ናት እስካሁን ውስጤ የቀረችው።

ዝናቡ አይሸፍንም

እውነቴን ነው፣ ታርቀን ነበር። ከ5 ሰዓት በኋላ፣ መብራት አጥፍተን፣ አልጋ ላይ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ብሩን ከየት ከየት እንደምንሞላው አወራን፣ ጭራሽ መጨረሻ ላይ በሆነ ነገር ሳቅን። ግን ይሄ ሁሉ የሆነው በሹክሹክታ ነው። ለምን? ልጆቹን እንዳንቀሰቅስ! ስንጣላ ቤቱን አናውጠን ስንታረቅ ልጆች ይነቃሉ ብለን ድምፃችንን ቀነስን። ይሄን ሳስበው እስከዛሬ ደረቴን ይከብደኛል።

የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለውን ሰው ለማዋራት እንኳን መጮህ አለብህ። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ይሄ ዝናብ የሚሸፍነን ይመስለን ነበር፣ ዝናብ ሲጥል የሆድ የሆዳችንን እንናገር ነበር። ግን የኛ ቤት እንደ አብዛኛው ሰው ቤት ነው፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው ክፍተት ከሳሎን እስከ ልጆቹ ክፍል ወጥ ነው፣ ድምፅ በላይ ዞሮ ይገባል። ልጄ በኋላ ያለችኝ ምንድነው፣ "ቃሉ አይሰማኝም፣ ድምፁ ነው የሚሰማኝ፣ ቃሉ ባይሰማኝ ግን ይብሳል ምክንያቱም ስለምን እንደሆነ ስለማላውቅ መጥፎ መጥፎውን አስባለሁ።"

አንድ ሳይኮሎጂ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ፣ ነገሩን ሳጫውተው አንዳንድ ነገር እንዳነብ ሰጠኝ። በፈረንጆቹ 2013 አሊስ ግራሃም የምትባል ተመራማሪና ጓደኞቿ ከ6 እስከ 12 ወር የሆኑ 20 ህፃናትን ተኝተው እያለ ጭንቅላታቸውን በማሽን እያዩ የተቆጣ ሰው ድምፅ አሰሟቸው። ወላጆቻቸው በብዛት የሚጨቃጨቁ ህፃናት በእንቅልፍ ውስጥ ሆነው እንኳን ጭንቀትን የሚመለከተው የአንጎል ክፍላቸው ለዛ ድምፅ ከሌሎቹ በላይ ምላሽ ሰጠ። ህፃን ናቸው፣ ተኝተዋል። እና እኛ የ15 ዓመት ልጅ በዝናብ እንሸውዳለን ብለን ነበር።

ሰዉ "ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሳሩ ነው" ይላል፣ እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ከዛን ለሊት በኋላ ግን ሳሩ የሚለው ነገር ልክ አልመስል አለኝ፣ ሳር እኮ ዝም ብሎ ነው የሚረገጠው። የኔ ልጅ ጫማዋን አስራለች፣ ቁልፍ ይዛለች፣ ዘብ ቆማለች። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ የሂሳብ ፈተና ነበራት።

"ልጆች ውጪ ተጫወቱ"

ይሄን ነገር ሳወጣ ሳወርድ የራሴ ልጅነት መጣብኝ። ያደግኩት እዚሁ ጅማ ነው፣ አባትና እናቴ ሲጣሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ነገሩ ሲከር ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ የኛ ሰፈር ሰው ጃርሱማ ነው የሚለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። እናቴ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ ቡና ይፈላል፣ በርጩማዎቹ ተደርድረው። እና ልክ ሽማግሌዎቹ አረፍ ሲሉ ከመካከላቸው አንዱ ወደኛ ዞሮ "ልጆች፣ እናንተ ውጪ ተጫወቱ" ይለናል። ሁሌም። እኛ ወደ አዌቱ ወንዝ ሮጠን እንወርዳለን፣ ስንመለስ በረካው ተጠጥቶ አልቋል፣ እናቴ እየሳቀች ሲኒ ታጥባለች፣ አባቴ ሬዲዮውን ከፍቷል።

ያ ጠፍቶኝ ነበር። ጠቡ ሲነሳ ማንም "ልጆች ውጡ" አይልም፣ ጠብ ድንገት ነው የሚመጣው፣ እኛ ግድግዳ ስር ተጣብቀን ሁሉንም አይተናል። እንድንወጣ የሚነገረን ሰላሙ ሲመጣ ነው። በጨዋነት ነው እንጂ በክፋት አይደለም፣ የትልቅ ሰው ገመና ልጅ ፊት አይገለጥም ነው ነገሩ፣ ይገባኛል። ግን እኔ 40 ዓመቴን አልፌ አባቴ እናቴን እንዴት ብሎ ይቅርታ እንደጠየቃት አላውቅም፣ ጠይቋት ይሁን አይሁን ራሱ አላውቅም። ሰላም ለኔ እንደ አየር ፀባይ ነበር፣ ዝም ብሎ ይመጣል ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ መጥቶም አላምነውም ነበር። ሬዲዮው ተከፍቶም ቢሆን የአባቴን የእግር ኮቴ እየቆጠርኩ ነው የማድረው።

ጓደኛዬ የሰጠኝ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ማርክ ኩሚንግስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከነባልደረቦቹ ለዓመታት አዋቂዎች ሲጣሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ለልጆች እያሳየ ስሜታቸውን አጠና። ጠቡ እዛው ፊታቸው ሲፈታ ያዩ ልጆች ጭንቀታቸው በጣም ይቀንሳል፣ ባልተፈታበት ከሆነ ግን እንደተጨነቁ ይቀራሉ። እና ደግሞ ዋናው ነገር፣ አዋቂዎቹ በር ዘግተው ቢታረቁና ቆይተው ለልጁ "ተነጋግረን ጨርሰናል" ብለው ቢነግሩት ይሄም ራሱ ይጠቅማል። መንገር ብቻ! እኛ ግን እሱን እንኳን አላደረግነውም፣ ጠዋት ተነስተን ሻይ ስናፈላ ፊታችንን አይተው ይገባቸዋል ብለን ነው ያለፍነው።

ይሄው ኩሚንግስ ከፓትሪክ ዴቪስ ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1994 የጻፈው ደግሞ አለ፣ ልጅ ወላጆቹ ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ልክ ነው ማን ተሳሳተ የሚለውን ሳይሆን ይሄ ቤት ነገም አለ ወይ የሚለውን ነው ይላሉ። መልሱን ካላገኘ ራሱ ስራ ይጀምራል፣ አንዱ መሀል ገብቶ ይገላግላል፣ አንዱ ኢርፎን ሰክቶ ይጠፋል፣ አንዱ ጥፋት አጥፍቶ ጠቡን ወደራሱ ይስባል። እኔ ልጄን "ጨዋ ናት፣ ከዕድሜዋ በላይ ታስባለች" እያልኩ በሰው ፊት ሳወድሳት ነው የኖርኩት፣ ለካ የማወድሰው ያንን ዘብነቷን ነው።

ፖስተኛዋ

ስለ ኩርፊያ ካላወራሁ ውሸት ይሆንብኛል። እኔና ባለቤቴ ከጩኸቱ በላይ የምንችልበት ኩርፊያን ነው። ሶስት ቀን፣ አንዴ ስምንት ቀን ሄዷል። እና በኩርፊያ ጊዜ ቤቱ ስራ አያቆምም፣ ምሳ ይቀርባል፣ ብር ይሰጣል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ያንን ሁሉ ማን ያገናኘዋል? ልጅቷ። "አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው።" እኔ እኮ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ሰምቻለሁ። እሷ ግን ተነስታ ትመጣና "አባዬ ምሳ ቀርቧል" ትለኛለች። "እናትሽን አልራበኝም በያት።" ትመለሳለች። መንገድ ላይ እያለሳለሰችው እኮ ነው የምታደርሰው! እኔ "አልራበኝም በያት" ስል እሷ "ትንሽ ቆይቶ ይበላል" ብላ ነበር የምትናገረው፣ ይሄንንም በኋላ ነው የሰማሁት ከእናቷ።

ድምፅ የለበትም ብለን ደህና ነገር የሚመስለን ኩርፊያ ልጅ ላይ ከጩኸት አያንስም፣ እነ ኩሚንግስም ቃል የሌለበት ቁጣ ልጆችን እንደሚረብሽ አይተዋል። ጩኸት ቢያንስ ማለቂያው ይታወቃል። ኩርፊያ ግን መቼ አለቀ? ቲኔጀር ደግሞ እንደ ህፃን አያለቅስም፣ ክፍሉን ይዘጋል፣ እኛም "ዕድሜው ነው" እንላለን። የኔዋ ቤት መምጣት እየዘገየች ነበር፣ ከትምህርት ቤት በባጃጅ አስር ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ ከጓደኞቿ ጋር በእግሯ ዞራ ትመጣ ነበር፣ እኔ እሱን ብልግና ነው ብዬ ተቆጥቻታለሁ። አሁን ሳስበው ሰፈሩ ውስጥ የምትዞረው ቤቱ በምን ሙድ ላይ እንዳለ ስለማታውቅ ነው።

የማልኩላት ቀን

ከጫማው ለሊት በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር። በነጋታው ለብቻዋ ጠርቼ "ከዛሬ ጀምሮ እኔና እናትሽ አንጣላም፣ ማርያምን" አልኳት። ደስ አላት ብዬ ነበር። አስራ አንድ ቀን ቆየ። አስራ ሁለተኛው ቀን በስልክ ካርድ በሚያህል ነገር ተነሳንና ድምፃችን ወጣ፣ ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ ላይ ንዴት የለም ሀዘንም የለም፣ አውቄው ነበር የሚል ነገር ብቻ ነው ያለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ያንን መሃላ ልመልሰው አልቻልኩም። የማልኩት ለሷ ሳይሆን ለራሴ እፎይታ ነበር። አንድ ጣሪያ ስር የሚኖር ሰው አይጣላም ብሎ ለልጅ መማል፣ ልጁ ቀጣዩን ጠብ እንደ መጨረሻ ቀን እንዲያየው ማድረግ ነው።

ያኔ ነው ለባለቤቴ ስለ ጫማው የነገርኳት፣ እስከዛ ደብቄያት ነበር። ብዙ አላወራችም። "ቁልፉንም ይዛ ነበር?" ብቻ ነው ያለችኝ፣ ከዛ ረጅም ሰዓት ዝም አለች። ቅዳሜ ቡና አፈላች፣ ሁለቱንም ልጆች አስቀመጥናቸው፣ ማንም ውጪ ተጫወቱ አልተባለም። አቦሉ ላይ ማንም አልተናገረም፣ እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቶናው ላይ ጀመርኩ። የእቁቡን ብር ሳልነግራት እንደወሰድኩ፣ እናታቸው የተናደደችው ልክ ሆና እንደሆነ፣ እኔ የጮህኩት ስላፈርኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስንት ብር እንደሆነና ለማን እንደሰጠሁት አልተናገርኩም፣ እሱ የነሱ ሸክም አይደለም። ባለቤቴ ደግሞ "እኔም ያልኩት ሁሉ ልክ አልነበረም፣ የአባታችሁን ዘመድ የሰደብኩት ስህተት ነው" አለች። ከዛ እነሱ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። በልጆቼ ፊት ሚስቴን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር፣ አንገቴ ላብ በላብ ሆነ።

የሚገርመው ትንሹ ነው የተናገረው። 9 ዓመቱ ነው፣ እኛ የተጣላነው በሱ የትምህርት ቤት ክፍያ ምክንያት ነው ብሎ አስቦ ነበር፣ "ትምህርት ቤት" የምትል ቃል በዝናቡ መሀል ሰምቶ። ለሁለት ሳምንት! ጆን ግሪች እና ፍራንክ ፊንቻም የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1990 የጻፉት ልክ ይሄንን ነው፣ ልጅ ጠቡን ሲሰማ ምን ያህል ያሰጋኛል፣ ደግሞ የኔ ጥፋት ይሆን እንዴ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፣ የሚጎዳው ለነዚህ በሚሰጠው መልስ ነው። ልጄ መልሱን ብቻውን ሰጥቶ ነበር።

ለትልቋ ደግሞ ለብቻዋ አንድ ነገር አልናት። ሰው መጥራት ያንቺ ስራ አይደለም፣ ካስፈለገ እኛ ራሳችን አጎትሽን እንጠራለን፣ አንቺ መሀል አትገቢም፣ መልዕክትም አታመላልሺም፣ የማንም ወገን አትሆኚም። እናቷ ይሄን ስትሰማ አለቀሰች፣ እሷም የሆዷን ሁሉ ለልጅቷ ነበር የምትነግራት፣ እንደ እህት አድርጋት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እሷ እየነገረቻት ይቀላታል፣ ልጅቷ ግን እኔን ባየች ቁጥር ያ ሁሉ ይመጣባታል።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። እኔ እያወራሁ ያለሁት ስለ ጭቅጭቅ ነው። መደባደብ ባለበት፣ አንዱ ሌላውን በሚፈራበት ቤት ያለች ልጅ ጫማዋን ማሰሯ ልክ ናት፣ እዛ ቤት ልጅ ፊት መታረቅ የሚባለው ነገር መልስ አይሆንም፣ መጀመሪያ ከአደጋው መውጣት ነው ያለው። እንደዛ ያለ ቤት ውስጥ ያለህ ልጅ ይሄን እያነበብክ ከሆነ አክስት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት፣ አንድ የምታምነው ትልቅ ሰው ንገር፣ ገመና ማውጣት አይደለም።

ገና ነን

ከዛ ቅዳሜ በኋላ ጠብ አላቆምንም። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፣ ከተጣላን ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ከሁለታችን አንዳችን ክፍላቸው ሄደን የት እንደደረስን እንነግራቸዋለን፣ ታርቀን ከሆነ ታርቀናል፣ ካልታረቅን አልታረቅንም። ለኔ ሁለተኛው ነው የከበደኝ። ወንድ ልጅ ሆነህ አድገህ ልጅህ ክፍል በር ላይ ቆመህ "እስካሁን አልተስማማንም" ማለት ቀላል አይደለም፣ የተሸነፍክ ይመስልሃል። ባለቤቴ ከኔ ቀድማ ለመደችው።

ባለፈው ሳምንት ተጣላን፣ በናቴ ጉዳይ፣ ሁለታችንም ልክ ነን የምንለው ዓይነት። ዝናብ ነበር። 4 ሰዓት ላይ አቆምነው እንጂ አልጨረስነውም፣ እሷ መኝታ ቤት ገባች፣ እኔ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ከዛ ተነስቼ ሄድኩ። ትንሹ ተኝቷል። ትልቋ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ስልኳን ታያለች። ሳላስበው አይኔ ወደ እግሯ ሄደ፣ ካልሲ ነው ያለው። ስኒከሩ አልጋው ስር ነው፣ ጫፉ ወደ በሩ ዞሮ፣ ክሩ ግን ተፈቷል። አይኔ የት እንደሄደ አይታለች መሰለኝ፣ ምንም አላለችም።

"ታረቃችሁ?" አለችኝ።

"ገና ነን። ነገ እናወራለን ተባብለናል።"

ትንሽ አሰበች። ስልኳን ትራሷ ስር ከተተችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

"እሺ። መብራቱን አጥፋልኝ።"